ከዓይኑ በላይ አንድ ክንድ

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ አካፋ እንዳልነካ ተከለከልኩ። ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ትንሽ ምንጭ ነበረች። የውሃ ሥራ ክፍሉ ኃላፊ አቶ ታምራት እዚያ አስቀመጡኝና አንድ ባልዲና አንድ የኪስ ሰዓት ሰጡኝ።

«ባልዲው በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ቁጠር። ጻፍ። ድፋው። እንደገና ቁጠር።»

«እስከ መቼ?»

«እስክጠራህ።»

የጠሩኝ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ነው። ቀኑን ሙሉ እግሬ ሲያሳክከኝ፣ ስነሳ፣ ስቀመጥ ዋልኩ። ሌሎቹ ድንጋይ እየፈለጡ ይስቁብኛል። እኔ ጉልበት ይዤ ነበር የመጣሁት። ትምህርቴ ዳዊት ከመድገም አላለፈም። ሂሳብ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ በሲሚንቶ ከረጢት ጀርባ ላይ በከሰል እየጫርኩ ነው ራሴን ያስተማርኩት። እንግዲህ በግንበኝነት ሊቀጥሩኝ ነው ብዬ ስመጣ ባልዲ ማስቆጠራቸው ንቀት መሰለኝ።

አቶ ታምራት የጻፍኩትን ወረቀት አዩና «አንድ ጊዜ ዘለሃል» አሉኝ። እውነት ነበር። ምሳ ስበላ አንዱን ዙር ሳልቆጥር ከፊቱ ያለውን ገልብጬ ጽፌ ነበር። እንዴት እንዳወቁ አልነገሩኝም። «ያልለካኸውን ባዶ ተወው እንጂ አትሙላው» አሉ። በዚያው ወደ ላሊበላ ተመለስን።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገር። ምንጭ ማጎልበት ማለት ውሃው ከድንጋዩ የሚወጣበትን ቀዳዳ ማጽዳት ነው፤ ቀዳዳውን የምንጩ ዓይን እንለዋለን። ከዚያ ዙሪያውን ገንብተን እንከድናለን፤ ከግንቡም በቧንቧ አውጥተን ሰው እንዲቀዳው ከብት ወዳልረገጠው ቦታ እናወርደዋለን። መሣሪያችን መዶሻ፣ መሮ፣ ግንቡ ቀጥ ማለቱን የምናይበት ቱንቢ፣ ሲባጎና ውሃ ልክ ነበር። ለረጅም ርቀት ደግሞ ግልጽ የሆነ ቀጭን ቱቦ ውሃ እንሞላና ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ከፍታ እናወዳድራለን።

አቶ ታምራት ሁለት ሕግ ነበራቸው። አንደኛው፣ በግንቦት ያልተለካ ምንጭ ላይ ድንጋይ አይቀመጥም። ሁለተኛው፣ የመውጫው ቧንቧ ከዓይኑ በላይ አይውልም። ምክንያቱን አንድ ቀን ጭቃ ላይ በጣታቸው እየሳሉ አስረዱኝ።

«ውሃው በዚህች ቀዳዳ የወጣው ከሁሉም የቀለለችው መንገድ እሷ ስለሆነች ነው። መውጫውን ከፍ ካደረግህበት ውሃው በራሱ ላይ ይቆለላል። ያኔ ሌላ ስንጥቅ ይፈልጋል። ካገኘ ደግሞ ትቶህ ይሄዳል።»

ይህን በቃሌ ያዝኩት። ሁለት ዓመት ረዳት፣ አራት ዓመት ግንበኛ ሆኜ፣ በኋላ ፎርማን ሆንኩ። በእነዚያ ዓመታት አንድም ምንጭ አላበላሸሁም።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። መሬት ለአራሹ ሆነ፣ ገበሬው በማኅበር ተደራጀ፣ እኛም ከሥራችን በላይ ሌላ ሥራ ተሰጠን። ፎርማን የሆነ ሁሉ ቀስቃሽ ይሁን ተባለ። ሲሚንቶ ከማቡካታችን በፊት ሕዝቡን ሰብስበን ስለ ባላባት፣ ስለ አድኃሪ፣ ስለ ኅብረት እንናገራለን። ረቡዕ ረቡዕ የውይይት ክበብ እንገባለን።

ወደድኩት። አልዋሽም። እኔ በሰው ማሳ ላይ የተወለድኩ ሰው ነኝ። አባቴ ቆብ ላጠለቀ ሁሉ ከመንገድ ወርዶ ሲሰግድ እያየሁ ነው ያደግሁት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሜ ስናገር ሰው ዝም ብሎ ሰማኝ። ግንብ ስትገነባ ማንም አያጨበጭብልህም፤ ስትናገር ይጨበጨብልሃል። ይህ ነገር ውስጤ ገባ፤ መቀመጥ አቃተኝ። አንድ ምንጭ ላይ ሆኜ ሐሳቤ የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ነበር።

አቶ ታምራት ይህን አይተዋል። «ደሳለኝ፣ ቱንቢህ እየተወዛወዘ ነው» አሉኝ አንድ ቀን።

«ነፋስ ነው» አልኳቸው።

ከብልባላ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ኮሶ ሥር የሚባል መንደር ነበር። ስሙን ያገኘው ከምንጩ አናት ላይ ከቆመው ትልቅ የኮሶ ዛፍ ነው። መንደሩ ሁለት ጎጥ ነው። ታች ጎጥ ከምንጩ አጠገብ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ነው። ላይ ጎጥ ዳገቱ ላይ ነው። የላይ ጎጥ ሰዎች ከአዋጁ በፊት ጭሰኞች ነበሩ፤ ሴቶቻቸው እንስራ ተሸክመው ያንን ዳገት በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣሉ። ዳገቱ ልሙጥ ቀይ ድንጋይ ነው። ዝናብ ሲነካው ሰውም አህያም ያንሸራትታል።

ምንጩን እንድናጎለብት ታዘዝን። ግንቦት ላይ ለካሁ፤ ደህና ውሃ ነበር። አቶ ታምራት ንድፉን ሠሩ። ውሃው ታች ጎጥ ላይ በሁለት ቧንቧ ይወጣል፤ ለላይ ጎጥ ደግሞ ዳገቱን ጠርበን ደረጃ እናወጣለን። ንድፉን ለገበሬ ማኅበሩ ጉባኤ ሳነብ ከሴቶቹ መሐል አንዲት ተነሳች። ጥሩዬ ትባላለች፤ የላይ ጎጥ ሰው ናት፤ አራት ልጅ አሳድጋለች። አምስተኛው ሆዷ ውስጥ ሳለ ከነእንስራዋ እዚያ ዳገት ላይ ወድቃ ጽንሱ እንደወረደ በኋላ ሰማሁ።

«እንግዲህ ለታቾቹ ውሃ፣ ለኛ ድንጋይ» አለች።

ጉባኤው ሳቀ። እኔ ፊቴ ቀላ።

«እመቤት፣ ውሃ ሽቅብ አይሄድም። ልኩ ነው የከለከለን።»

«ትናንት ስትሰብክ ግን ሽቅብ የማይሄድ ነገር አልነበረም። ድሃ ይነሳል፣ ጭቁን ይነሳል አልከን። ውሃው ብቻ ነው የማይነሳ?» አለችና ተቀመጠች። ከዚያ ለጎረቤቷ ይመስል ግን ለእኔ እንዲሰማ «ለኛ ሲሆን ልክ ያወጣሉ» አለች።

ያ ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። በማግስቱ ረዳቴን ይዤ የውሃውን ቱቦ ከምንጩ ዓይን ወደ ዳገቱ ወገብ ዘረጋሁ። ዳገቱ ወገብ ላይ አንድ ትከሻ መሳይ ሜዳ አለ፤ ለላይ ጎጥ ሰዎች የመንገዳቸው ግማሽ ነው፤ መንገዱ ከምንጩ መጀመሪያ ወደ ሸለቆ ይወርድና ልሙጡን ክፉ ዳገት ወጥቶ ነው እሱ ላይ የሚደርሰው። ደጋግሜ ለካሁ። ትከሻው ከምንጩ ዓይን በአንድ ስንዝር ብቻ ከፍ ይላል። ውሃው በቧንቧው እንዲገፋ ትንሽ ጨምሬ መውጫውን ከዓይኑ አንድ ክንድ ከፍ ባደርገው ትከሻው ላይ ይደርሳል።

አንድ ክንድ! ቀኑን ሙሉ በዳገቱ ላይ ስወጣ ስወርድ ዋልኩ። ሕጉን አውቃለሁ። ምክንያቱንም አውቃለሁ። ግን ምንጩ ብርቱ ነው፣ ድንጋዩ ጠንካራ ነው፣ አንድ ክንድ ምንም አይደለም እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ያሳመነኝ ድንጋዩ አልነበረም። ጥሩዬ ፊት ቆሜ «ይኸው» ማለት አማረኝ።

አቶ ታምራት ወደ ሌላ ወረዳ ሄደው ነበርና መልእክት ልኬ ልጠይቃቸው እችል ነበር። አልላክሁም። መልሱን ስለማውቀው ነው።

የወረዳው ካድሬ ጓድ ሰሎሞን ግን አጠገቤ ነበር። ወጣት፣ ፈጣን፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል ሰው ነው። ሐሳቤን ስነግረው ትከሻዬን መታ አደረገ። «ጓድ ደሳለኝ፣ ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው! ለሕዝብ የሚወግን!» ለአብዮቱ በዓል እንዲደርስ ብቻ ጠየቀኝ።

ግንቡን ስንጀምር የደብሩ ቄስ መጡ። ቄስ ይመር ይባላሉ፤ ከሰባ ዓመት በላይ ይሆናቸዋል፤ በመቋሚያቸው ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ሲያዩን ቆዩ።

«ልጄ፣ ምን ያህል ልታስነሱት ነው?»

«አንድ ክንድ፣ አባ።»

«ተዉ። አባቴ በልጅነቱ ያየውን ነግሮኛል። ከብት እናጠጣለን ብለው ደፍነው ገደቡት። ዓመት ሙሉ ጠፋ። ይህ ውሃ ሲያፍኑት አይወድም።»

ልብ በሉ፤ ቄሱ የነገሩኝ አቶ ታምራት ጭቃ ላይ የሳሉልኝን ነው። ሌላ ቃል ተጠቀሙ እንጂ ነገሩ አንድ ነው። እኔ ግን ቆብና ጥምጥም ብቻ አየሁ። በዚያው ሳምንት በነበረው ስብሰባ ላይ ቆሜ «ላይ ጎጥ ውሃ እንዳያገኝ ዛሬም እንቅፋት የሚሆኑ አድኃሪዎች አሉ፤ ትናንት በመሬታችሁ፣ ዛሬ በውሃችሁ» አልኩ። ስማቸውን አልጠራሁም። ግን ሁሉም ሰው ዞሮ ቄሱን አየ። ቄስ ይመር መቋሚያቸውን ያዙና ወጡ። ተጨበጨበልኝ።

የዕለት ሥራ መዝገብ ነበረን። በየቀኑ ስንት ሲሚንቶ እንደገባ፣ የግንቡ ቁመት፣ የመውጫው ከፍታ ይጻፋል። የመውጫውን ቧንቧ በተከልሁ ቀን ሁሉንም ጻፍኩና «መውጫ ከዓይኑ፦» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ባዶ ተውኩት። ያልለካኸውን ባዶ ተወው ብለውኝ አልነበር? እኔ የለካሁትን ባዶ ተውኩት።

በበዓሉ ቀን ውሃው ትከሻው ላይ ወጣ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጓድ ሰሎሞን ረጅም ንግግር አደረገ። ጥሩዬ እንስራዋን ሞልታ ሳታንሸራትት ሄደች፤ ዞር ብላም «መሐንዲሱ! ለካስ ይነሳል!» አለችኝ። ፎርማን እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም። አላረምኳትም።

ውሃው አሥራ ሰባት ቀን ፈሰሰ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን ቀጠነ። ከዚያ መንጠባጠብ ጀመረ። ጥቅምት ሳይጋመስ ቆመ። ከዚያም የባሰው ግንቡን ከፍቼ ስገባ ያየሁት ነው፤ የምንጩ ዓይን ራሱ ደርቋል። ታች ጎጥም፣ ላይ ጎጥም፣ ከብቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ውሃ አጡ። ሴቶቹ ገደሉን ወርደው ከወንዙ መቅዳት ጀመሩ። ከጥንቱ ዳገት ያ ሦስት እጥፍ ይርቃል።

ወደ ላሊበላ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ። አቶ ታምራት ገና አልተመለሱም። ልቤ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። ገደሉን ተከትዬ ውሃው የወጣበትን ስፈልግ ሦስት ቀን ዞርኩ። በሦስተኛው ቀን ከኮሶው በታች፣ ማንም ሊደርስበት ከማይችል ገደል ላይ ድንጋዩ እርጥብ ሆኖ አየሁት። ሌላ ስንጥቅ አግኝቷል።

መንደር ስመለስ ቄስ ይመር ታስረዋል አሉኝ። ገበሬ ማኅበሩ እህል ማስቀመጫ ውስጥ ነው ያሉት። ጓድ ሰሎሞን ጠራኝ። ፊት ለፊቱ ወረቀት ተዘጋጅቷል።

«አሻጥር ነው» አለኝ። «ቄሱ ሰው አሰማርተው የምንጩን ዓይን አስደፍነዋል። አንተ እንደ ባለሙያ አረጋግጠህ ፈርም።»

«ዓይኑ አልተደፈነም፤ ገብቼ አይቻለሁ።»

«አንተ ራስህ አይደለህም እንዴ በስብሰባ የተናገርከው? እንቅፋት ናቸው አላልክም? ሕዝቡ ሰምቷል። አሁን ምን ሆነህ ነው?»

ያለው ሁሉ እውነት ነው። ወረቀቱ የተጻፈው በእኔ ቃል ነው።

«እስከ ነገ ስጠኝ» አልኩት።

«ነገ ጠዋት ወደ ወረዳ ይወሰዳሉ» አለ። «ከዚያ በኋላ የእኔ ጉዳይ አይደለም።»

ያኔ ወደ ወረዳ በአሻጥር ተከሶ መሄድ ምን ማለት እንደሆነ የዚያ ዘመን ሰው ያውቃል። ለማያውቅ፣ አንዳንዱ አይመለስም ነበር። ቄሱ ደግሞ በዚያ ዕድሜያቸው መንገዱን ራሱ አይጨርሱትም።

ወደ መጋዘኑ ሄጄ በበሩ ስንጥቅ አነጋገርኳቸው።

«አባ፣ እኔ ነኝ፤ ደሳለኝ።»

«አወቅሁህ። ውሃው የት ወጣ?»

ያሉኝ ይህን ነው። ስለ ራሳቸው አልጠየቁም።

«ገደሉ ላይ፣ አባ። ከኮሶው በታች።»

«አባቴም እዚያ ነው ያለኝ። ግዴለም፤ ግድቡን ሲያፈርሱት ተመልሷል» አሉ። ቀጥለውም «በስብሰባው ላይ ስትናገር ድምፅህ ያምር ነበር፤ ዜማ ብታጠና ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር» አሉኝ። ሊያሾፉብኝ ነው ወይስ ከልባቸው፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከመጋዘኑ በቀጥታ ወደ ሥራ ጎጆዬ ሄድኩ። መዝገቡን አወጣሁ። ባዶውን ቦታ አገኘሁት። «መውጫ ከዓይኑ፦ አንድ ክንድ ከፍ ያለ። ከንድፉ ውጭ። ያለ ኃላፊው ፈቃድ። የውሃው መጥፋት ምክንያት ይኸው ነው። የፈጸምኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩና የዕለቱን ቀን አስፍሬ ፈረምኩ። ከዚያ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጉባኤ እንዲጠራ ለመንኩት። ሰው በሰማኝ ቦታ መታረም ነበረብኝ። ስድቡን በአደባባይ ተናግሮ ይቅርታውን በጓዳ መጠየቅ ተገቢ አይመስለኝም፤ ልጆቼንም የቀጣሁት በዚሁ ነው።

ጉባኤው ፊት መዝገቡን አነበብኩ። ስጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ቱቦውን ይዘው እንዲመጡ አድርጌ ውሃ ሞላሁበትና አንዱን ጫፍ ሊቀመንበሩን፣ ሌላውን ጥሩዬን አስያዝኩ። አንድ ክንዱን በዓይናቸው አዩት።

ጥሩዬ የቱቦውን ጫፍ እንደያዘች «ይህን ያኔ ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?»

«ከዚያም በፊት አውቅ ነበር።»

«ታዲያ መጀመሪያ እንዳልከው አይሆንም ብለህ ጸንተህ ብትሰድበኝ ይሻል ነበር» አለች። ቱቦውን ለቀቀችው፤ ውሃው እግሬ ላይ ፈሰሰ።

ጓድ ሰሎሞን ጥርሱን ነክሶ ወረቀቱን አጠፈው። መቶ ሰው ፊት የተነበበ መዝገብ ነውና ሊደብቀው አልቻለም። ቄስ ይመር በዚያው ቀን ተለቀቁ። በማግስቱ ጠዋት ወደ ወረዳ የተወሰድኩት እኔ ነኝ።

ስድስት ሳምንት ታሰርኩ። አቶ ታምራት ተመልሰው መዝገቡን ይዘው መጡ። «ስህተት እንጂ አሻጥር አይደለም፤ አሻጥረኛ ስሙን ፈርሞ አይጽፍም» ብለው ተከራከሩልኝ። ስወጣ ፎርማንነቴ ተነሥቶ ወደ ረዳት ግንበኛነት ወርጄ ነበር። አቶ ታምራት አላጽናኑኝም። መዶሻና መሮ ሰጡኝና «የገነባኸውን አፍርሰው» አሉ።

በራሴ እጅ አፈረስኩት። ጥሩ ግንብ ነበር፤ አራት ቀን ፈጀብኝ። የኮሶ ሥር ሰው ከሩቅ ቆሞ ያያል። አንድ ሰው እንኳ አላገዘኝም፤ አልፈረድኩባቸውም። በአራተኛው ቀን ቄስ ይመር መጡና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እስክጨርስ አልተነሱም።

የምንጩ ዓይን በጋውን በሙሉ ደርቆ ቆየ። ክረምቱ ከገባ በኋላ፣ በነሐሴ፣ ረጠበ፤ ከዚያ መፍሰስ ጀመረ። ባልዲና ሰዓት ይዤ ለካሁት። የጥንቱ ግማሽ ነበር። በቀጣዩ ግንቦትም ለካሁት፤ ግማሽ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየዓመቱ ለካሁት። ሌላው ግማሽ እዚያ ገደል ላይ ቀረ።

ዝቅተኛ ግንብ ሠራን፤ መውጫውን ከዓይኑ በታች አንድ ጣት አዋልነው። ከዚያ መጀመሪያውኑ በንድፉ የነበረውን ደረጃ ጠረብን። እያንዳንዱን ደረጃ እንስራ ለተሸከመች ሴት እንዲመች አንድ ስንዝር ብቻ አደረግሁት፤ ለመለኪያ ጥሩዬን ጠራኋት። አትመጣም ብዬ ነበር፤ መጣች። ባዶ እንስራ ተሸክማ እየወጣች «ይህኛው ረዘመ፣ መሐንዲሱ» ስትለኝ እንደገና እጠርባለሁ።

«መሐንዲስ አይደለሁም» አልኳት በዚያን ጊዜ።

«አውቃለሁ፤ አሁንማ ረዳት ነህ አሉ» አለችና እስከ ላይ እየሳቀች ወጣች።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ትልቋ ልጄ በዚሁ ሥራ ላይ ናት፤ የምትሠራው ገጠር ለገጠር እየዞረች ነው። ስትመጣ ሰው ስለደረሰበት በደል ትነግረኛለች፤ ትቆጣለች፤ ቆማ መናገር ታውቃለች። እንዳትቆጣ አልመክራትም። እኔም የተቆጣሁት በእውነተኛ ነገር ነበር፤ ያ ዳገት እውነት ነበር፤ የጥሩዬም ውድቀት እውነት ነበር። መዝገቧን ግን አምጪ እላታለሁ። ባዶ ቦታ ካየሁ ለምን ባዶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ትናደዳለች። እጠይቃለሁ።

በሥራው ላይ ላላችሁት የምለው አንድ ነገር ነው። የማይቻለውን፣ እንደማይቻል ባወቃችሁበት ቀን ለጠየቃችሁ ሰው ከነምክንያቱ ንገሩት፤ ቢከፋውም ጽኑበት።